ከዳቦው ላይ የተወሰደው ሳንቲም፦ የካናዳ የዳቦ ካሳ ታሪክና የእኛ ሚዛን



በ2025 መገባደጃ ላይ ካናዳ ከሚኖሩ ወገኖች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደረሰን። “የዳቦ ካሳ ይሰጣል ይላሉ፤ ፎርሙ ደረሰኝ አይጠይቅም። ከሃያ ዓመት በፊት የገዛሁትን ዳቦ በምን አስታውሰዋለሁ? ብሞላው ኃጢአት ይሆንብኛል?” ሌላው ወገን ደግሞ “ክርስቲያን ይቅር ይላል እንጂ ካሳ ይጠይቃል እንዴ?” ይላል። ሦስተኛው ነገሩን ቀለል አድርጎ “ነፃ ገንዘብ ነው፣ ሁላችሁም ሙሉ” ብሎ መልእክቱን ለጓደኞቹ ይበትናል።

የማመልከቻው ጊዜ አልፏል፤ ጥያቄው ግን አላለፈም። እንዲህ ዓይነት ካሳ ነገ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ አገር ይመጣል። ስለዚህ መልሱን ከታሪኩ ጀምረን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ልናየው ወደድን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዶላሩም የካናዳ ዶላር ነው።)

ነገሩ እንዴት ወጣ?

ካናዳ የኖረ ወገን ሎብላው የሚባለውን ኩባንያ በስሙ ባያውቀው እንኳ በሱቆቹ ያውቀዋል። ኖ ፍሪልስ እና ሪል ካናዲያን ሱፐርስቶር የእርሱ ናቸው። ከሎብላው በላይ ያለው ትልቁ ባለድርሻ ጆርጅ ዌስተን የሚባለው ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ1882 ቶሮንቶ ከተማ ውስጥ በዳቦ ንግድ የተጀመረ ሲሆን፣ በምንነጋገርበት ዘመንም ትላልቅ ዳቦ መጋገሪያዎች ነበሩት። ስለዚህ ጋጋሪውና ሻጩ የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ዲሴምበር 19 ቀን 2017፣ የፈረንጆች ገና ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ሁለቱ ኩባንያዎች ለሕዝብ አንድ መግለጫ አወጡ። ከ2001 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ በላስቲክ ታሽጎ በሚሸጠው ዳቦ ላይ ዋጋ ለመወሰን በተደረገ ምሥጢራዊ ስምምነት ውስጥ እንደነበሩ አመኑ። ጉዳዩን በ2015 ለካናዳ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቀድመው ያሳወቁት ራሳቸው ነበሩ። በአገሩ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን ምሥጢር ቀድሞ የተናገረ ከወንጀል ክስ ነፃ የመሆን ዕድል አለው፤ እነርሱም ይህን ዕድል አገኙ። ስማቸው በምርመራው የተነሣ ሌሎች ሱቆች ግን እጃችን የለበትም ብለው ክደዋል።

በ2018 መጀመሪያ ይፋ በሆነው የፍርድ ቤት ሰነድ ላይ መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን እንዲህ ገልጾታል። ጋጋሪዎቹ ለሱቆች የሚሸጡበትን ዋጋ በሰባት ሳንቲም ሲጨምሩ፣ ሱቆቹ ደግሞ ለሸማቹ የሚሸጡበትን በአሥር ሳንቲም ይጨምሩ ነበር። ሦስቱ ሳንቲም የሱቁ ድርሻ መሆኑ ነው። ጭማሪው አንድ ጊዜ ተደርጎ የቆመ ሳይሆን ዓመታት እየቆጠረ የተደጋገመ ነበር ይላል ሰነዱ።

በጁን 2023 ሌላው ትልቅ ጋጋሪ ካናዳ ብሬድ በ2007 እና በ2011 በተደረጉ የዋጋ ጭማሪዎች ውስጥ እጁ እንደነበረበት በፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ 50 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በዋጋ ምሥጢራዊ ስምምነት አንድ የካናዳ ፍርድ ቤት እስከዚያ ቀን ከጣለው ቅጣት ሁሉ ትልቁ ነበር።

አሥር ሳንቲም ምን ያደርጋል?

አንዳንዱ “ለአሥር ሳንቲም ይህ ሁሉ ግርግር?” ሊል ይችላል። እስቲ እናስላው። ልጆች ያሉት አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ዳቦ ቢገዛ በዓመት 104 ዳቦ ነው። በእያንዳንዱ ላይ አሥር ሳንቲም ብቻ ቢጨመር በዓመት 10 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። በ13 ዓመት ደግሞ 135 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ይህ ጭማሪው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ነው።

ሀብታሙ ይህን አይሰማውም። ሁለት ሥራ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ግን ይሰማታል። ሥጋው ሲወደድ ይቀራል፣ ፍራፍሬው ሲወደድ ይቀነሳል፤ የልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ዳቦ ግን አይቀርም። ከዳቦ ላይ የሚወሰድ ሳንቲም ከድሃው ላይ የሚወሰድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጌታችንም ጸልዩ ብሎ ሲያስተምረን ስለ ዕለት እንጀራ እንድንለምን ያዘዘን (ማቴዎስ 6፥11) የዚህን ነገር ክብደት ስለሚያውቅ ነው። በዕለት እንጀራ ላይ የሚጫወት ሰው የሚጫወተው በሰዎች ጸሎት ላይ ነው።

አዲስ ኃጢአት አይደለም

ነቢዩ አሞጽ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት፣ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን፣ የእስራኤልን ነጋዴዎች ሲገሥጽ የተናገረውን እናስታውስ (አሞጽ 8፥4-6)። ሰንበቱ መቼ ያልፍልን ይሆን፣ እህላችንን እንድንሸጥ እያሉ ይቸኩሉ ነበር። መስፈሪያውን ያሳንሱ፣ የገንዘቡን መመዘኛ ያከብዱ፣ ግርዱን ከስንዴው ጋር ይሸጡ ነበር። ገዢው በሁለት በኩል ይበደላል ማለት ነው፤ የሚቀበለው እህል ያንሳል፣ የሚከፍለው ብር ይበዛል። ነቢዩ ይህን የንግድ ብልጠት ብሎ አላለፈውም። እግዚአብሔር ይህን ሥራቸውን ፈጽሞ እንደማይረሳ ምሎ ተናግሯል አለ።

የዘዳግም ሕግ (25፥13-16) በከረጢት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሚዛን መያዝን ይከለክላል፤ አንዱ ለመግዣ ከባድ፣ ሌላው ለመሸጫ ቀላል። መጽሐፈ ምሳሌም (11፥1) ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደሆነ ያስተምራል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ወጥተን ታሪክን ብናይ፣ መንግሥታትም ዳቦን ለነጋዴ ኅሊና ብቻ አልተዉትም። በእንግሊዝ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ዘመን፣ የዳቦን ክብደት ከስንዴ ዋጋ ጋር የሚያያይዝ ሕግ ወጣ። ስንዴ ሲረክስ በዚያው ዋጋ የሚሸጠው ዳቦ እንዲከብድ፣ ሲወደድ ደግሞ እንዲቀል የሚወስን ሕግ ነበር። ያጭበረበረ ጋጋሪ ገንዘብ ይቀጣል፤ ደጋግሞ ከተያዘም በአደባባይ በእንጨት ግንድ ተጠርቆ ለሕዝብ ይታያል።

ካናዳም ነጋዴዎች በምሥጢር ተመሳጥረው ዋጋ እንዳይጨምሩ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው ገና በ1889 ነው። የአሜሪካው ተመሳሳይ ሕግ የመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ በ1890 ነበር።

ቅጣትና ካሳ አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ካናዳ ብሬድ የተቀጣው 50 ሚሊዮን ዶላር የገባው ለመንግሥት እንጂ ዳቦውን ለገዙት አይደለም። ቅጣት ሕግ ለተጣሰበት አገር ነው፤ ካሳ ግን ለተበደለው ሰው ነው። ታዲያ 135 ዶላር የተወሰደባት እናት ያንን ለማስመለስ ጠበቃ ትቅጠር? የጠበቃው የአንድ ሰዓት ክፍያ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ሲበደል በዳዩ የሚተማመነው በዚህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው መክሰሱ አያዋጣም።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የቡድን ክስ የሚባለው ሥርዓት መጣ። ኬቤክ በ1978፣ ኦንታሪዮ ደግሞ በ1992 ሕግ አወጡለት። ጥቂት ሰዎች ተመሳሳይ በደል በደረሰባቸው በሚሊዮኖች ስም ይከሳሉ፤ ፍርዱ ወይም ስምምነቱ ለሁሉም ይሆናል። አባቶቻችን “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ያሉት በፍርድ ቤት ሲሠራ ይህን ይመስላል።

በዳቦው ጉዳይም እንዲሁ ሆነ። በጁላይ 2024 ጆርጅ ዌስተንና ሎብላው የቀረበባቸውን የቡድን ክስ በ500 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማሙ። ጆርጅ ዌስተን 247.5 ሚሊዮን፣ ሎብላው 252.5 ሚሊዮን ሊከፍሉ ተስማሙ። ከዚህ ውስጥ 96 ሚሊዮኑ ቀደም ብሎ በ2018 ሎብላው ለደንበኞቹ ባደለው የ25 ዶላር ካርድ እንደተከፈለ ተቆጠረላቸው። በ2025 ፍርድ ቤት ስምምነቱን ካጸደቀ በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 12 ድረስ ሰዎች ማመልከት ቻሉ። በ2001 እና በ2021 መካከል ካናዳ ውስጥ የታሸገ ዳቦ ለራሱ የገዛ ሰው ደረሰኝ ሳያቀርብ፣ እውነት መሆኑን በቃሉ አረጋግጦ እስከ 25 ዶላር መጠየቅ ይችል ነበር። ቀድሞ ካርዱን ያልተቀበሉ ሰዎች ቅድሚያ ተሰጣቸው። በሌሎቹ ተከሳሾች ላይ የቀረበው ክስ በዚህ ስምምነት አልተዘጋም።

ካሳ በእግዚአብሔር ቃል

“ክርስቲያን ይቅር ይላል እንጂ ካሳ አይጠይቅም” ለሚለው ወገን ቃሉ ምን ይላል? በዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ባልንጀራውን አታልሎ የወሰደ ሰው መጀመሪያ ዋናውን፣ በላዩም አምስተኛውን እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልሳል። መሥዋዕቱን የሚያቀርበው ይህን ይዞ ነው። እግዚአብሔር የተበደለውን ሰው አልፎ ከበዳዩ ጋር ብቻ አይታረቅም።

ዘኍልቍ 5፥5-8 ደግሞ የሚያስገርም ነገር ይጨምራል። የተበደለው ሰው ባይገኝ፣ ካሳውን የሚቀበል ዘመድም ባይኖረው፣ ገንዘቡ ወደ በዳዩ ኪስ አይመለስም፤ ለእግዚአብሔር ሆኖ ለካህኑ ይሰጣል። ዛሬ ፍርድ ቤቶች በቡድን ክስ ላይ የሚቸገሩበት ጥያቄ ይኸው ነው፦ የተበደለውን ሁሉ አንድ በአንድ ማግኘት ካልተቻለ ገንዘቡ የማን ይሁን? አንዳንድ ጊዜ ቀሪው ለበጎ አድራጎት እንዲውል የሚወስኑት ለዚህ ነው። በዳዩ በበደሉ እንዳይጠቀም የሚለው ሐሳብ ከሙሴ ሕግ ጀምሮ አለ።

ይቅርታ ማድረግ ማለት ቂምን ከልብ ማውጣት ነው እንጂ በደሉ በደል አልነበረም ማለት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ ሹማምንቱ በስውር ሊሸኙት ሲፈልጉ እንቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ (ሐዋርያት ሥራ 16፥37)። ጳውሎስ ቂመኛ ስለሆነ አልነበረም፤ የእስር ቤቱን ጠባቂ ከነቤተ ሰቡ ያጠመቀው በዚያው ሌሊት ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 የተከለከለው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት መካሰሱ ነው፤ ሕግ ለሸማቾች ሁሉ የወሰነውን ካሳ መቀበል ግን ከዚያ የተለየ ነገር ነው። መብቱን መተው የሚፈልግ ወገን መተው ይችላል፤ የሚቀበለውን ወንድሙን ግን አይፍረድበት።

ያለ ደረሰኝ የሚሞላው ፎርም

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ደረሰኝ አለመጠየቁ የፎርሙ ጉድለት አይደለም። የሃያ ዓመት የዳቦ ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ሰው ስለሌለ፣ ፍርድ ቤቱ በሰዎች ቃል ላይ ተደገፈ። ነገር ግን እዚያ ላይ ሚዛኑ ከኩባንያው እጅ ወጥቶ በእኛ እጅ ገባ። አሁን መዛኙ እኔና አንተ፣ እኔና አንቺ ነን።

በእነዚያ ዓመታት ካናዳ ኖሮ ለቤቱ ዳቦ የገዛ ሰው፣ ቀኑንና ሱቁን ባያስታውስ እንኳ መግዛቱን በእርግጥ ካወቀ፣ “ገዝቻለሁ” ቢል እውነት ተናገረ። ኅሊናው ሊወቅሰው አይገባም። በ2022 ወይም ከዚያ ወዲህ ወደ አገሩ የገባ ወገን ግን “ገዝቻለሁ” ብሎ ቢፈርም ዋሸ። በ2018 ካርዱን ተቀብሎ “አልተቀበልኩም” ያለም እንዲሁ። አገር ቤት ባለች እኅቱ ስም ወይም ምንም ባልገዛ ልጁ ስም የሞላም ያው ነው።

“ኩባንያው ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳዋል?” የሚል ሐሳብ ይመጣል። ኩባንያው የሚከፍለው ግን አስቀድሞ ተቆርጧል። አመልካቹ ሲበዛ እርሱ ምንም አይጨምርም። የሐሰት ጥያቄ የሚቀንሰው ከዚያው ከተቆረጠው ገንዘብ፣ ከሌሎቹ ሸማቾች ድርሻ ነው። ከዚያች ሁለት ሥራ ከምትሠራው እናት ላይ ማለት ነው። ኩባንያዎቹ በዳቦዋ ላይ ጥቂት ሳንቲም ወሰዱባት፤ እኛ ደግሞ በካሳዋ ላይ እንወስድባታለን። ያኔ በከረጢታችን ሁለት ሚዛን ይዘናል፤ ሌሎችን የምንወቅስበት ከባዱ፣ ራሳችንን የምንለካበት ቀላሉ።

ለወደፊቱ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ጥቂት ነገሮችን ልብ በሉ። በመጀመሪያ ፍርድ ቤቱ የወሰነው መሆኑን፣ ማን፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን የገዛ እንደሚል ራሳችሁ አንብቡ፤ በመልእክት በተላለፈ ወሬ ብቻ አትሙሉ። ካሳ ለመቀበል መጀመሪያ ገንዘብ ክፈል የሚል ወይም የባንክ ምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ካለ አጭበርባሪ ነው። ፎርሙን አንብበው መረዳት የሚቸግራቸውን አባቶችና እናቶች እርዱ፤ ግን የእነርሱን እውነት ጻፉ እንጂ የእናንተን ግምት አትጻፉ። ከልብ የማታውቁትን ደግሞ ተዉት። ሃያ አምስት ዶላር የኅሊና ሰላም አይገዛም።

በኢያሪኮ የሆነው

ኩባንያዎቹ ምሥጢሩን ሲናገሩ ሕጉ ከወንጀል ክስ ነፃ አደረጋቸው። በትልቁ ካሳም የተስማሙት ተከሰው ነው። ሕግ ከዚህ በላይ መሄድ አይችልም፤ ሥራውም ይኸው ነው። በሉቃስ 19 ግን ሌላ ሰው እናያለን። ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር፤ ሥራውም ሰዎች መክፈል ካለባቸው በላይ ለመውሰድ የተመቸ ነበር። ማንም አልከሰሰውም፣ ፎርምም አልቀረበለትም። ጌታ ኢየሱስ በስሙ ጠርቶ ቤቱ ሲገባ ብቻ ቆሞ ካሳ ተናገረ፦ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች፣ ያታለለውን አራት እጥፍ ለባለቤቱ። የሙሴ ሕግ በፈቃዱ ለተናዘዘ ሰው ያዘዘው አንድ አምስተኛ መጨመር ነበር፤ አራት እጥፍ የተጠየቀው በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሌባ ነው (ዘጸአት 22፥1)። ዘኬዎስ ማንም ሳያስገድደው ራሱን በሌባው ቦታ አቆመ። ደግሞም ይህን ያደረገው በደስታ ነው።

ምን ለወጠው? ካሳውን ከፍሎ ጌታን ወደ ቤቱ አላስገባም፤ ጌታ ስለገባ ካሳውን ከፈለ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያለህ ወዳጃችን፣ ስለ ኩባንያዎች ስናወራ አንተም የራስህን መዝገብ ሳታስብ አልቀረህም። እኛም እንዲሁ ነን። ሰው ያላየው፣ ደረሰኝ የሌለው ዕዳ ሁላችንም አለብን። እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል፤ አውቆም በክርስቶስ መስቀል ላይ ከፍሎታል። ያ ዕዳ የተከፈለለት ሰው ለ25 ዶላር መዋሸት አያስፈልገውም፤ የሰው ገንዘብ በእጁ ካለም ለመመለስ አይፈራም።

ስለዚህ ወገኖች፣ የሚገባንን በእውነት እንቀበል። የማይገባንን እንተው። በእጃችን የሰው የሆነ ነገር ካለ፣ ያልተመለሰ ብድርም ይሁን ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ክስ ሳይመጣ በዚህ ሳምንት እንመልስ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የዕለት እንጀራችንን ከእጅህ እንጠብቃለን። በእንጀራቸው ለተበደሉት ሁሉ ፍረድላቸው። በእኛም እጅ ያለውን ሚዛን እውነተኛ አድርገው። እንደ ዘኬዎስ በደስታ የሚመልስ ልብ ስጠን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።